ምዕራፍ 6፦ ለኦቨርክሎክ የሚሆን ርካሽ ማዘርቦርድ እንዴት ይመረጣል?

በ1998 በነሐሴ ወር ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበ። ዋጋው 149 ዶላር፣ ፍጥነቱ 300 ሜጋኸርዝ ነበር። በዚያው ወቅት በ450 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን ፔንቲየም 2 የፈለገ ሰው ከ600 ዶላር በላይ ይከፍላል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብዙም ሳይቆይ ገንዘብ ያጠራቸው፣ ትዕግሥት ግን የተረፋቸው ሰዎች አንድ ነገር ደረሱበት። የሴሌሮኑ ፍጥነት የሚገኘው ማዘርቦርዱ የሚሰጠው የ66 ሜጋኸርዝ ምት በ4.5 ሲባዛ ነው። ምቱ ወደ 100 ከፍ ካለ ያው ፕሮሰሰር 450 ላይ ይደርሳል። ብዙዎቹ ሴሌሮኖችም ይህን ቻሉት።

ለዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ማዘርቦርድ የታይዋኑ አቢት ያወጣው ቢኤች6 ነበር። በአብዛኞቹ ሌሎች ቦርዶች ላይ ምቱን ለመቀየር ሳጥኑን ከፍቶ ጃምፐር መንቀልና መትከል የግድ ነበር። ቢኤች6 ላይ ግን ባዮስ በሚባለው የቦርዱ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ገብቶ ቁጥር መምረጥ ይበቃል።

ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰሩን አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው። ከሴሌሮን ታሪክ ለዛሬ ገዢ የሚጠቅመው ግን ሒሳቡ ነው፦ የ600 ዶላሩን ሥራ በ150 ዶላር ማሠራት። ኦቨርክሎክ የቁጠባ ልጅ ነው። ለእሱ ሲባል የሚወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ከሚያስገኘው ትርፍ ከበለጠ ነገሩ መነሻውን ስቷል። ይህ ምዕራፍ ማዘርቦርድን የሚመዝነው በዚህ ሚዛን ነው።

ሚዛኑ ደግሞ ዛሬ ጠብቋል። በ1998 በነጻ ይገኝ የነበረው ጭማሪ ከመቶ 50 ነበር። የዛሬ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸውንና የሚወስዱትን ኃይል እየለኩ ራሳቸውን ያፈጥናሉ። በ2022 በ199 ዶላር የወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 መነሻ ፍጥነቱ 3.5 ጊጋኸርዝ ቢሆንም፣ ሁኔታው ሲፈቅድለት ያለማንም እርዳታ እስከ 4.4 ይወጣል። ድሮ አምራቹ ትቶት ይሄድ የነበረውን ትርፍ ዛሬ ራሱ ሰብስቦ ሸጦታል፤ ለተጠቃሚው የሚተርፈው ከመቶ ጥቂት እጅ ነው። ስለዚህ ጥሩ የሚባል ርካሽ ቦርድ ሁለት ነገር ይጠበቅበታል። አንደኛ፣ ፕሮሰሰሩ በራሱ የሚወጣበትን ፍጥነት ለሰዓታት ሳያዝል እንዲይዝ ማድረግ፤ ሁለተኛ፣ ከዚያ በላይ ላለችው ጥቂት በሩን አለመዝጋት።

በቅድሚያ፦ የሚጎትተው የትኛው ነው?

ጌም ሲንቀራፈፍ ጥፋቱ ሁልጊዜ የፕሮሰሰሩ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሥራው የሚከብደው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው የጥቂት ደቂቃ ሙከራ ብቻ ነው። የሚጫወቱትን ጌም ይክፈቱና በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚሰጥ ይመልከቱ። ከዚያ የምስሉን ሪዞሉሽንና ጥራት ወደ ዝቅተኛው ያውርዱ። ፍሬሙ ዘሎ ከጨመረ የሚጎትተው ግራፊክስ ካርዱ ነበር፤ ፕሮሰሰሩን ማፍጠን ምንም አይፈይድም። ፍሬሙ እምብዛም ካልተንቀሳቀሰ ግን ወሰኑ ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ነው፤ የዚህ ምዕራፍ ቀሪ ክፍልም ለእርስዎ የተጻፈ ነው።

በተግባር እንደ ካውንተር ስትራይክ 2 እና ቫሎራንት ያሉ፣ በዝቅተኛ ጥራትና በሰከንድ በመቶዎች ፍሬም የሚጫወቷቸው የውድድር ጌሞች ፕሮሰሰሩን ይፈትናሉ። በ4ኬ ስክሪን በከፍተኛ ጥራት የሚታዩ ታሪክ ያላቸው ጌሞች ደግሞ ግራፊክስ ካርዱን ያጣድፋሉ። ሁለተኛው ዓይነት ተጫዋች ለማዘርቦርድ የመደበውን ትርፍ ገንዘብ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ቢያዞረው ይሻለዋል።

ፈቃድ፦ የቺፕሴቱ ፊደል

ማዘርቦርድ ሲገዛ የመጀመሪያው ጥያቄ ኦቨርክሎክ ማድረግ ተፈቅዷል ወይ የሚለው ነው። ይህን የሚወስነው በቦርዱ ስም ውስጥ ያለው የቺፕሴት ፊደልና ቁጥር ነው። በካርቶኑ ላይ የተሳለው ዘንዶ ወይም በትልቁ የታተመው «ጌሚንግ» የሚል ጽሑፍ ስለዚህ የሚናገረው የለም።

ኢንቴል በሩን በሁለት ቁልፍ ነው የሚዘጋው። ፕሮሰሰሩ በስሙ መጨረሻ «ኬ» የሚል ፊደል ሊኖረው ይገባል፤ ይህ አሠራር በ2011 ኮር አይ5-2500ኬን ከመሰሉ ፕሮሰሰሮች ጋር ሥር ሰደደ። ቦርዱ ደግሞ የ«ዜድ» ቤተሰብ መሆን አለበት፤ እንደ ዜድ690 ወይም ዜድ790። የኬ ፕሮሰሰር ቢ760 ላይ ቢሰካ ይሠራል፣ የማባዣውን ቁጥር ከፍ ማድረግ ግን አይቻልም። የዜድ ቦርድ ገዝቶ ኬ የሌለው ፕሮሰሰር መሰካትም እንዲሁ ገንዘብ መጣል ነው።

ኤኤምዲ ይበልጥ ለጋስ ነው። ከ2017 ጀምሮ የወጡት የራይዘን ፕሮሰሰሮች ጥቂቶቹ ሲቀሩ ክፍት ናቸው። በሩን የሚዘጋው የቦርዱ ፊደል ነው፦ ኤ320፣ ኤ520 እና ኤ620 ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ ማድረግ አይፈቅዱም፤ ቢ350፣ ቢ450፣ ቢ550 እና ቢ650 ይፈቅዳሉ። በኋላ የመጣው ቢ840 ግን በቢ ቢጀምርም ይከለክላልና በፊደሉ ብቻ መተማመን አይበቃም። በዚህ ምክንያት ለቆጣቢ ሰው የኤኤምዲ መካከለኛ ቦርድ ለብዙ ዓመታት ቀዳሚው ምርጫ ሆኖ ቆይቷል። አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር፦ ለጌም እጅግ የሚወደሱት ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ እና 7800ኤክስ3ዲ ማባዣቸው የተቆለፈ ነው። እነሱን ለመሰካት የኦቨርክሎክ ቦርድ ብሎ ተጨማሪ መክፈል ትርጉም የለውም። በ2024 የወጣው 9800ኤክስ3ዲ ክፍት ነው።

ከመንገዱ ውጭ የተገኘ ፈቃድ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። በ2015 መጨረሻ አንዳንድ ቦርድ አምራቾች፣ በተለይ አስሮክ፣ ኬ የሌላቸውን የኢንቴል ስካይሌክ ፕሮሰሰሮች በመሠረታዊው ምት በኩል የሚያፈጥን ባዮስ አወጡ። ደስታው ብዙ ወራት አልዘለቀም፤ በ2016 መጀመሪያ ኢንቴል በአዲስ የባዮስ ማሻሻያ በኩል ቀዳዳውን አስደፈነው። ሻጭ «በዚህ ቦርድ ላይ በብልሃት ይከፈታል» ካለዎት፣ ብልሃቱ በሚቀጥለው ማሻሻያ ሊጠፋ እንደሚችል አስበው ይደራደሩ።

አቅም፦ ቪአርኤም የሚሸከመው

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ቦርዱ ይችለዋል ወይ የሚል ነው። ፓወር ሰፕላይ ለፕሮሰሰሩ ብሎ ወደ ማዘርቦርዱ የሚልከው 12 ቮልት ነው። ፕሮሰሰሩ የሚፈልገው ግን 1.2 ቮልት አካባቢ ነው። ቮልቴጁን በመካከል የሚያወርደው ክፍል ቪአርኤም ይባላል፤ በፕሮሰሰሩ ሶኬት ዙሪያ ተደርድሮ ይታያል። ቮልቴጅ ሲወርድ አምፔር ይጨምራል፦ 120 ዋት በ12 ቮልት 10 አምፔር ብቻ ሲሆን፣ በ1.2 ቮልት 100 አምፔር ይሆናል።

ይህን ያህል አምፔር በአንድ መስመር አያልፍም። ስለዚህ ቪአርኤሙ ሸክሙን ፌዝ ለሚባሉ መስመሮች ያከፋፍላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ 100 አምፔር ለ4 ፌዝ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 25፣ ለ8 ሲካፈል 12.5 ይደርሰዋል። ትርፉ ከድልድሉ ይበልጣል። ኤሌክትሪኩ ሞስፌት በሚባሉት የየፌዙ ማብሪያ ማጥፊያዎች ሲያልፍ የሚፈጥረው ሙቀት በአምፔሩ ስኩዌር ልክ ስለሚያድግ፣ አምፔሩ በግማሽ ሲቀንስ የእያንዳንዱ ፌዝ የዚህ ዓይነት ሙቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። ፌዞቹ እጥፍ ቢሆኑም እንኳ በድምሩ ብክነቱ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። በሌላ በኩል ሞስፌቶቹ በከፈቱና በዘጉ ቁጥር የራሳቸው ብክነት ስላላቸው የፌዝ ቁጥር ማብዛት ማለቂያ የሌለው ጥቅም አይሰጥም። ስድስት ኮር ላለው የጌም ፕሮሰሰር ጥሩ ሞስፌት የተገጠመላቸው ጥቂት ፌዞች ይበቁታል፤ አሥራ ስድስት ፌዝ ያለው ውድ ቦርድ የተሠራው ለሌላ ዓይነት ሸክም ነው።

ኦቨርክሎክ ሸክሙን ምን ያህል እንደሚያከብደው ማወቅም ይጠቅማል። ፕሮሰሰሩ የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በስኩዌር ያድጋል። ፍጥነቱን ከመቶ 10 ለመጨመር ቮልቴጁንም ከመቶ 10 ከፍ ማድረግ ካስፈለገ፣ ኃይሉ 1.1 ሲባዛ በ1.21፣ ማለትም ከመቶ 33 ያህል ይጨምራል። ከዚህ ሁሉ ተነስተው ወደ ጌሙ ሲሄዱ የሚያገኙት የፍሬም ጭማሪ ቢበዛ ከመቶ 10 ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። የመጨረሻዋን 100 ሜጋኸርዝ ማሳደድ ውድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የቪአርኤምን ብርታት ሱቅ ቆሞ እንዴት መገመት ይቻላል? መጀመሪያ በሞስፌቶቹ ላይ ብረት፣ ማለትም ሂትሲንክ መኖሩን ይመልከቱ። ራቁታቸውን የቆሙ ከሆኑ ያ ቦርድ ለቢሮ እንጂ ለኦቨርክሎክ አይደለም። ብረቱ ክብደትና ሽንሽን ያለው ይሁን፤ በላዩ የፕላስቲክ ሽፋን ብቻ ከለበሰ ጌጥ ነው። ቀጥሎ ለፕሮሰሰሩ ኤሌክትሪክ የሚገባበት መሰኪያ ባለ 8 ፒን መሆኑን ያረጋግጡ። ኢንዳክተር የሚባሉትን ግራጫ ኩብ መሰል አካላት መቁጠር ፍንጭ ይሰጣል፤ ግን አንድ ወይም ሁለቱ የሌላ ክፍል መጋቢ ስለሚሆኑ፣ አንዳንዱ አምራችም አንዱን ፌዝ ለሁለት ቅርንጫፍ ከፍሎ ሁለት ብሎ ስለሚቆጥረው፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን አይታመንም። ከሁሉ የሚታመነው የቪአርኤሙን ሙቀት በከባድ ሥራ ላይ ለክተው የሚያሳዩ የግምገማ ቪዲዮዎች ናቸው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ2018 የወጣው የኤምኤስአይ ቢ450 ቶማሃውክ ነው። ለፕሮሰሰሩ ያለው ፌዝ አራት ብቻ ቢሆንም በትልቅ ሂትሲንክ ታግዞ ብዙ ፌዝ ከሚያወሩ ተፎካካሪዎቹ ቀዝቅዞ በመሥራቱ የቆጣቢዎች ተወዳጅ ሆነ። ድክመቱ ሌላ ቦታ ነበር፤ ባዮሱ የተቀመጠበት ቺፕ 16 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር ለአዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ጠበበ። በ2019 ኩባንያው ቺፑን ወደ 32 ሜጋባይት አሳድጎ «ማክስ» በሚል ቅጥያ እንደገና አወጣው። ዛሬ ያገለገለ ቦርድ ለሚፈልግ ሰው ይህቺ ሦስት ፊደል ዋጋ አላት።

ራም፦ የተረሳው ትርፍ

በርካሽ ቦርድ ላይ ከማንኛውም ኦቨርክሎክ የሚበልጠው ትርፍ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከራም ነው። 3600 ተብሎ የተሸጠ የዲዲአር4 ራም ከሳጥኑ ወጥቶ ሲሰካ በመነሻ ፍጥነቱ፣ ምናልባት በ2133 ወይም በ2666፣ ነው የሚሠራው። ተጠቃሚው ባዮስ ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒ፣ ወይም በአዲሶቹ የኤኤምዲ ቦርዶች ኤክስፖ የሚባለውን ማብራት አለበት። ይህን ሳያውቁ ለዓመታት የከፈሉበትን ፍጥነት ሳይጠቀሙ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው።

እዚህም ላይ ፈቃድ አለ። የኢንቴል ቢ460 ቦርድ ከኮር አይ5-10400 ጋር ሲጣመር ራሙን ከ2666 በላይ አያሳልፍም ነበር። በ2021 የመጣው ቢ560 ይህን እገዳ አነሳ፤ ተከታዮቹ ቢ660 እና ቢ760ም እንዲሁ። ስለዚህ ኬ የሌለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ሰው ውድ የዜድ ቦርድ አያስፈልገውም፤ ራሙን የሚያፈጥን የቢ ቦርድ ገዝቶ ሊረካ ይችላል።

ከፍታ፣ ሙቀትና መብራት

የግምገማ ቁጥሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚለኩት ከባሕር ወለል ብዙም በማይርቁ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች የአየሯ ጥግግት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር መጠን ያው ቢሆንም፣ በዚያ መጠን ውስጥ ያለው አየር ሳስቶ ስለሚሆን ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ ቀዝቀዝ ያለ አየር ግን ጉድለቱን በከፊል ይክሳል። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ የሚኖር ሰው ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ አየሩ ከአዲስ አበባው ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ቢሆንም ሞቃት ነው። በሁለቱም ቦታ ትምህርቱ አንድ ነው፦ ጥሩ ሂትሲንክ ያለው ቪአርኤም ይምረጡ፣ ሳጥኑ ውስጥም አየር እንዲንቀሳቀስ ያድርጉ። ከራይዘን 5 5600 ጋር በካርቶኑ የሚመጣው ወደ ታች የሚነፋ ማቀዝቀዣ በነገራችን ላይ ለቪአርኤሙም አየር ያደርስለታል። የውሃ ማቀዝቀዣ የገጠመ ሰው ይህን ንፋስ ስለሚያጣ ቦርዱ ከበፊቱ ይልቅ ሊሞቅ ይችላል።

መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ደግሞ ባዮስ ማደስ አደጋ አለው። ማሻሻያው ግማሽ ላይ እያለ ኃይል ከተቋረጠ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ርካሽ ቦርዶች ሲወዳደሩ፣ ፕሮሰሰርና ራም ሳይኖር እንኳ ከፍላሽ ዲስክ ባዮስ መልሶ መጫን የሚያስችለውን «ባዮስ ፍላሽባክ» የያዘው ይመረጣል። ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ ማደስም ብልህነት ነው።

ባዮስን ችላ ማለት ግን መፍትሔ አይደለም። በ2023 አንዳንድ ቦርዶች ለራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ በመስጠታቸው ፕሮሰሰሮች ተቃጠሉ፤ ኤኤምዲም ኤስኦሲ የሚባለውን ቮልቴጅ በ1.3 የሚገድብ ማሻሻያ እንዲወጣ አደረገ። በ2024 ደግሞ ኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮቹን ከፍ ባለ ቮልቴጅ ይጎዳ የነበረውን ችግር የሚያርም ማሻሻያ አውጥቶ የዋስትና ጊዜውን በሁለት ዓመት አራዘመ። ቦርዱ «አውቶ» ብሎ የሚመርጠው ቮልቴጅ ሁሌም የዋህ አይደለም።

ያገለገለ ቦርድ ሲገዛ

«ወንድሜ፣ ይሄ ለጌም ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ «ይሆናል እንጂ፣ ጌሚንግ ተብሎ ተጽፎበት የለም እንዴ!» የሚል መልስ ነው የሚያገኘው። የተሻለው ጥያቄ «አብርተህ ባዮሱን አሳየኝ» ነው። ባዮሱ ሲከፈት የማባዣና የቮልቴጅ ምርጫ መኖሩን፣ የባዮሱ እትምም እርስዎ የሚሰኩትን ፕሮሰሰር የሚያውቅ መሆኑን ከአምራቹ ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ። የኢንቴል ቦርዶችና ኤኤም5 የተባለው ሶኬት ያላቸው የኤኤምዲ ቦርዶች ፒኖቻቸው ሶኬቱ ላይ ስለሆኑ በስልክ መብራት ከጎን እያዩ የተጣመመ ካለ ይለዩ። በቀድሞው የኤኤም4 ሶኬት ግን ፒኖቹ ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው። ያበጠ ካፓሲተር ወይም በሞስፌቶቹ አካባቢ የጠቆረ ሰሌዳ ካዩ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተዉት፤ ያለፈው ባለቤት ከአቅሙ በላይ ሲነዳው የኖረ ቦርድ ሊሆን ይችላል።

ዕቃውን ዘመድ ከውጭ የሚያመጣላቸው ሰዎች ሌላ አማራጭ አላቸው። ለምሳሌ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሮክቪልና በፌርፋክስ ያሉት የማይክሮ ሴንተር መደብሮች ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድና ራም በአንድ ጥቅል በቅናሽ በመሸጥ ይታወቃሉ። በሻንጣ የመጣ ቦርድ ግን ሲበላሽ መልሶ መላኩ አስቸጋሪ ስለሆነ ዘመዱ ከመብረሩ በፊት እዚያው ተሰክቶ ቢሞከር ይመረጣል።

ሒሳቡ

አሁን ሁሉንም በአንድ ምሳሌ እናስላ። ራይዘን 5 5600ኤክስ እስከ 4.6 ጊጋኸርዝ ይወጣል፤ ርካሹ ወንድሙ 5600 ደግሞ እስከ 4.4። ፒቢኦ የሚባለው የኤኤምዲ አሠራር ለፕሮሰሰሩ ጣሪያ እስከ 200 ሜጋኸርዝ እንዲጨመር ይፈቅዳል። ስለዚህ 5600ን ደህና ቪአርኤም ባለው ቢ450 ወይም ቢ550 ቦርድ ላይ የሰካ ሰው ባዮስ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የወንድሙን ፍጥነት ሊያገኝ ይችላል። በኤ520 ቦርድ ግን ይህ አይቻልም። በሁለቱ ቦርዶች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በሁለቱ ፕሮሰሰሮች መካከል ካለው ልዩነት ካነሰ ኦቨርክሎኩ ገንዘብ አተረፈ።

ለውጡን ካደረጉ በኋላ ሲነቡንች፣ ኦሲሲቲ ወይም ፕራይም95 በመሰለ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን ለረጅም ጊዜ ማስጨነቅ ያስፈልጋል። ፕራይም95 የተሠራው ግዙፍ ፕራይም ቁጥሮችን ለመፈለግ ነው፤ ስሌቱ አንዲት ስሕተት ስለማይታገስ ያልተረጋጋ ፕሮሰሰርን ቶሎ ያጋልጣል። ኤችደብልዩኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም የቪአርኤሙን ሙቀት አብረው ይከታተሉ፤ ቦርዱ መለኪያው ካለው። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ከተጠጋ ቮልቴጁን ይቀንሱ።

ስሌቱ በሌላ አቅጣጫም ይሠራል። የዜድ ቦርድ፣ የኬ ፕሮሰሰር፣ ትልቅ ማቀዝቀዣና ጠንካራ ፓወር ሰፕላይ ሲደመሩ የተጨመረው ገንዘብ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ፕሮሰሰር ወይም የተሻለ ግራፊክስ ካርድ የሚገዛ ከሆነ፣ መግዛት ያለበት ያ ነው። ያ ፕሮሰሰር ያለ ተጨማሪ ሙቀት፣ ያለ ሙከራና ያለ ዋስትና ስጋት ይፈጥናል። ኦቨርክሎክ የሚያዋጣው ቦርዱ ፈቃዱን በትንሽ ጭማሪ ሲሰጥ ብቻ ነው። ጭማሪው ትልቅ ከሆነ ካልኩሌተሩ መልሱን ሰጥቷል፤ ገንዘቡን ወደ ግራፊክስ ካርዱ ያዙሩት።